አሥራ አንድ ጥቁር ማልያ

ባለፈው ሰሞን ስለ ሴት ኳስ ተጫዋቾች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን አየሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንዷ ኳስ ስትገፋማ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። ያናደደኝ ሙዚቃው ነው። አንዲት ልጅ "አባቴ ከለከለኝ፣ ሰፈሩ ሰደበኝ" ባለች ቁጥር የሐዘን ዋሽንት ይለቁባታል። ብቻዬን ተቀምጬ "ተዋት እስቲ፣ ትናገር" አልኩት ቴሌቪዥኑን። እኛም ተከልክለናል፣ ተሰድበናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እየሳቅን ነበር። ሰፈር ሙሉ ሰው ሰብስበን ያስለቀስንበት አንድ ቀንም አለ፤ እሱም ቢሆን በገዛ ጥፋታችን ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ወደ ቀራንዮ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባቴን ገና በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መርካቶ ቅቤ ትነግድ ስለነበር በጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። አንድ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ሲመጣ በወር፣ ሲጠፋ በአምስት ወር ነው። አንባቢ እንዳይጨነቅ ከወዲሁ ልናገር፦ ወንድሜ በሰላም ተመልሷል። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ይህን ታሪክ ስናወራም ከሁላችን በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ያኔ ግን እንዲህ ብሎ የሚያጽናናን ሰው አልነበረም።

የሴቶቹን ቡድን ያቋቋመው ቀበሌው ነው። ለሴቶች ቀን ከጎረቤት ቀበሌ ሴቶች ጋር ግጥሚያ እንዲደረግ ከበላይ ታዞ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠራን። ስለ ሴቶች እኩልነት አንድ ሰዓት ሙሉ ከተናገረ በኋላ "እስቲ ኳስ የምትችሉ እጃችሁን አውጡ" አለ። የእኔ እጅ ቀድሞ ወጣ። ከወንድሜ ጋር በጨርቅ ኳስ ስራገጥ ነው ያደግኩት፤ ሰውነቴ ከሌላ ከምንም ነገር ጋር እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ የራሱን ልጅ ግን ከቤት አላወጣትም። ሜዳ ስንጠይቀውም "ወንዶቹ ሲጨርሱ" አለን፤ ወንዶቹ የሚጨርሱት ኳሱ ለዓይን ሲጠፋ ነው። ስለዚህ እነሱ ከሥራና ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ፣ በፀሐዩ እንለማመድ ነበር። ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ሲመጣ አፍንጫችንን በአንድ እጅ ይዘን እንሮጣለን። እንደዚያ ሮጦ የለመደ ሰው ንጹሕ አየር ሲያገኝ የሚያቆመው የለም።

ሰፈሩ የሚለውን ይላል። ወንዶቹ "ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ" እያሉ ያልፋሉ። ሴቶቹ ይብሳሉ፤ "ማህፀናቸው ይዞራል"፣ "ወንዳወንድ ሆነው ይቀራሉ"። እናቴ ፈቃድ ስጠይቃት መቀነቷን እያጠበቀች አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችልኝ።

"ሴት ልጅ እግሯን ሰብስባ ነው የምትቀመጠው። ክብርሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ ብትመጪ ነገ ማን ያነሣልሻል?"

እናቴ አንድ ጊዜ ከተናገረች አትደግምም። እኔም አልደገምኩም፤ እሷ መርካቶ ስትወርድ እኔ ሜዳ እወርድ ጀመር። ቀሚሴን ከሱሪዬ ላይ እደርብና ሜዳ ስደርስ አወልቃለሁ። እሷ ሳትመለስ ተጣጥቤ፣ እሳት አያይዤ እጠብቃታለሁ። በዚህ ኩራት አልተሰማኝም። ያቺን አንዷን ጨዋታ ከምንም ነገር በላይ እፈልጋት ነበር፤ የምፈልገው ግን ተደብቄ አልነበረም። እናቴ እያወቀች፣ ከቤቴ በር በቀን ወጥቼ መጫወት ነበር ምኞቴ። እንዴት እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ግጥሚያው አንድ ሳምንት ቀረው።

በረኛችን የልብ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ እዚያው ሰፈራችን ክርና መርፌ፣ ቁልፍና የልብስ ቀለም የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "እንዴት ሙስሊም ልጅ…" እያለ ሲያማ፣ እሳቸው ልጃቸውን ጠርተው "ሱሪሽ ቁርጭምጭሚትሽን ይሸፍን፤ ሶላትሽንም ኳሱንም እንዳታሳልፊ" ብለው ለቀቋት። በልቤ ቀናሁባት። አባት ባይኖረኝም እንደዚያ ያለ ፈቃድ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ።

የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ለማልያ የሚሆን አቡጀዴ ከሕብረት ሱቅ አስወጣልን። ሰፍተን ጨረስን። ከዚያ የምንገጥማቸው የጎረቤት ቀበሌ ሴቶችም ከዚያው ጣቃ ተቆርጦ እንደተሰጣቸው ተሰማ። ሃያ ሁለት ሴት ነጭ ለብሶ ሊጋጠም ሆነ። አዘጋጆቹ "አንዳችሁ ቀለም ቀይሩ" አሉ፤ ዕጣ ወጣ፤ በእኛ ላይ ወደቀ። ለበረኛ የተለየ ቀለም እንደሚያስፈልግ እንኳ የነገረን ስላልነበረ አሥራ አንዱንም ለመንከር ወሰንን።

ጓደኛዬ ወደ አባቷ ሱቅ ሄዳ ጥቁር ቀለም ይዛ ተመለሰች።

"ቀይ የለም?" አልኳት።

"አባቴ የሚያስመጣው ጥቁሩን ብቻ ነው። አሁን የሚሸጠው እሱ ነው አለኝ።"

ለምን ጥቁሩ ብቻ እንደሚሸጥ ያኔ ቆም ብለን ብናስብ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። አላሰብንም። አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ማልያ ብቻ ነው።

ረቡዕ ዕለት እናቴ እንደወጣች እኛ ቤት ተሰበሰብን። ልብስ የምትቀቅልበትን በርሜል ጥደን፣ ቀለሙን በጨው በጥብጠን፣ ማልያዎቹን ከትተን በእንጨት አማሰልን። እስከ ክርናችን ጠቆርን። ግቢያችን ጥላ ስለሆነ፣ ፀሐይ እስከ ማታ ከማይለየው ከመንገድ ፊት ካለው አጥር ላይ ሽቦ ወጥረን አሰጣናቸው። ከዚያ በሩን ቆልፈን፣ እየሳቅን ወደ ሜዳ ሄድን።

ሐዘን የገባበት ቤት ልብሱን ከል ነክሮ እንደሚያሰጣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዘመን ደግሞ በየሰፈሩ እናየው ነበር። ከአሥራ አንዳችን አንዲትም ልጅ ግን "ይሄ ነገር ምን ይመስላል?" አላለችም።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ዓይናቸው ለመርፌ ቀዳዳ ደክሞ ለሰው አጥር የማይደክም። ብቅ ሲሉ በሩ ተቆልፏል፣ ጥቁር ልብስ ተሰጥቷል፣ የቤቱ ልጅ ዘማች ነው። ሌላ ምን ይጠበቃል? ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ። የእሳቸውን ጩኸት የሰማች ጎረቤት ጮኸች። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጥሩምባቸውን አንሥተው በየመንደሩ ዞሩ። ድንኳኑ ከእድር ቤት ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን "መርዶውን ማን አመጣው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ያንን በመሰለ ሰዓት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው።

እኛ ሜዳ ላይ ሆነን መጀመሪያ ጩኸቱን፣ ቀጥሎ ጥሩምባውን ሰማን። ለቅሶ እየተሰማ ኳስ አይመታም። ቀሚሳችንን ደርበን፣ ነጠላችንን ለብሰን፣ ለማን እንደሆነ ሳናውቅ ልናለቅስ ተነሣን። እኔ ከፊት ነበርኩ። ማዕዘኑን ስንዞር የድንኳኑ ቋሚ እኛ በር ላይ ሲተከል አየሁ።

ሴቶች ሮጠው ደገፉኝ፤ "አይዞሽ፣ አይዞሽ የእኔ ልጅ" ይሉኛል። የጨርቅ ኳስ የሠራልኝ ወንድሜ፣ ሲሄድ "እስክመጣ በግራ እግርሽ መምታት ተለማመጂ" ያለኝ ወንድሜ። መሬት ላይ ወድቄ ጮህኩ። ጓደኞቼም ሁሉ እየተንፈራፈሩ ያለቅሳሉ።

ጓደኛዬ፣ በረኛዋ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። ከዚያ እጅጌዬን ጎተተች።

"ቀና በይ እስቲ። አጥሩን እዪው።"

አየሁት።

"ማልያችን ነው" አለችኝ በጆሮዬ። "በአላህ፣ ማንም አልሞተም። ማልያችንን አይተው ነው።"

ዕንባዬን ሳልጠርግ ተነሣሁና ወደ ባልቴቲቱ ሄድኩ።

"እማማ፣ መርዶውን ማን ነገረዎት?"

"ማን ይንገረኝ ልጄ፤ ራስሽ ከሉን አስጥተሽ።"

"ከል አይደለም እማማ። ማልያ ነው።"

"ማልያ ምንድን ነው?"

"የኳስ ልብስ።"

ለቅሶው ከእሳቸው ጀምሮ ዳር እስኪደርስ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጸጥ አለ። ከመካከል አንዱ "እኔ ደግሞ አሥራ አንድ መሆኑ ገርሞኝ ነበር" ሲል ተሰማ። ሰው መሳቅ ጀምሮ ሳይጨርስ፣ መንገዱ ላይ እናቴ ብቅ አለች።

ያን ቀን ከገበያ ቀደም ብላ ተመልሳ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው አሉ አንዲት ሴት ፌርማታው ላይ አቅፋ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ያለቻት። ከዚያ ጀምራ ሮጣ ነው የመጣችው። ነጠላዋ የለም። የአንድ እግሯ ጫማ የለም። ሰው ግራና ቀኝ እየተከፈለ መንገድ ለቀቀላት። ደረቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

"አልሞተም እማዬ። ደብዳቤም አልመጣም፣ ሰውም አልመጣም። ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ይሄ ድንኳን?"

አጥሩን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጥፊ መታችኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ቀጥላ አቀፈችኝ፣ አጥንቴ እስኪንቋቋ። ስትለቀኝ ማልያዎቹን አንድ በአንድ ከሽቦው አውርዳ፣ እርጥብ እንደሆኑ ጠቅልላ፣ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ድንኳኑ ተነቀለ። ለለቅሶው ንፍሮ የጣዱ ጎረቤት የት ላድርገው ብለው በየቤቱ አደሉት። ከሁሉ የባሰ የተቸገሩት ጥሩምባ ነፊው ናቸው። በሄዱበት ሁሉ ተመልሰው እየነፉ "አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኳስ ልብስ ነው" ማለት ነበረባቸው። "ሠላሳ ዓመት ስነፋ የተናገርኩት ተመልሶ አያውቅም" ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ አላናገረችኝም። እራት እናቀርባለን፣ እንበላለን፣ እንተኛለን፤ ቃል የለም። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ሰፈሩ "ሟርት ነው፤ በቁም ሰው ከል አወጡበት" ይላል። ሊቀ መንበሩ ደግሞ እሑድ ያለ ማልያ ከቀረባችሁ ፎርፌ ነው አለን። ሌላ አቡጀዴ የለም። እኔ ግን ስለ ፎርፌው ማሰብ ትቼ ነበር። የልጇን ሞት ከፌርማታው እስከ ቤት ድረስ ያሸከምኳት እናቴን እንዴት ቀና ብዬ እንደማያት ነበር የጨነቀኝ።

ምክሩን የሰጡን እኒያው ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ቁጣቸው ሲበርድ ሜዳ ድረስ መጡና "ሰው የበደለ ምን ያደርጋል? አገር ቤት ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። እናንተ ከተማ ስለተወለዳችሁ አንገት የላችሁም?" አሉን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዳችንም ከሜዳው ዳር ድንጋይ መርጠን ማጅራታችን ላይ ጫንን። በረኛችን የመረጠችው ከሁሉ ይተልቃል፤ ለምን ብላት "ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለች። በመንደሩ መካከል በሰልፍ ሄድን። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ተመለከተን፤ የሚስቅም ነበር፣ የሚያማትብም ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፊቷ ተንበረከክን።

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ብዙ አይጠበቅም፤ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተብሎ ቶሎ ይወርድለታል። እናቴ ግን ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። አንገታችን ይንቀጠቀጣል። አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። በመጨረሻ እናቴ ወደ በረኛችን ዞረች።

"የማትችይውን ድንጋይ ለምን ትሸከሚያለሽ?"

"እችላለሁ እትዬ። እርስዎ እስኪሉኝ እችላለሁ።"

እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ስትናገር እኔን አላየችኝም፤ አጥሩን ነበር የምታየው።

"ከታጨሁ ጀምሮ ሮጬ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከመንደሩ ልጆች የሚቀድመኝ አልነበረም። የባሌ ወገኖች ሊያዩኝ የመጡ ለታ ስሮጥ አዩኝና እናቴ በአርጩሜ ገረፈችኝ። በቃ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ ስሄድ ኖርኩ። ረቡዕ ግን ሮጥኩ። ነጠላዬ ወደቀ፣ ራሴን ገለጥኩ፣ ጫማዬ ወለቀ፤ ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ሲያየኝ አንድም ሰው ነውር ነው አላለኝም። እንዲያውም መንገድ ለቀቁልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ሴት ልጅ እንድትሮጥ የሚፈቀድላት ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?"

ከበርጩማዋ ተነሣች።

"ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርዱት" አለች። ከመቀነቷ ቁልፉን ፈታች፣ ሳጥኑን ከፈተች። ማልያዎቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው ነበር። መቼ እንደተኮሰቻቸው ዛሬም አላውቅም። እዚያው ሳጥኑ ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ እሷም "በይ፣ ምስሩን ጨርሺ" ብላ ወጣች።

እሑድ ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። ለሴቶች እኩልነት የመጣ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጥሩምባ የተነፋለትን የኳስ ልብስ ለማየት ነው የመጣው። እናቴ በጠዋት መድኃኔ ዓለም ሄዳ ነበር፤ ትመጣ አትመጣ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከበራችን ስወጣ ግን ቀሚስ አልደረብኩም። ጨዋታው ሲጀመር ባልቴቲቱንና የሰፈራችንን ሴቶች አስከትላ መጣችና መስመሩ ዳር ቆመች። ለቅሶ የደረሱ ይመስል ሁሉም ዝም ብለዋል።

በደንብ ተጫወትን ማለት አልችልም። ላብ ሲወርደን ቀለሙ አብሮ እየወረደ ክንዳችንን አዥጎረጎረው። ወዲያው አንድ ጎል ገባብን። ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰውዬ ኳስ የያዘችውን ልጅ ሁሉ "ወጥ አረረ" እያለ ይከተላታል፤ ሰው ይስቅለታል። ይህን የሰማች ልጅ ሁሉ ትደነግጥና ኳሱን ትለቃለች። እኔም ሁለት ጊዜ ለቅቄዋለሁ።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳስ በቀኝ መስመር ደረሰኝ። ከፊቴ ባዶ ሜዳ ነው።

"ወጥ አረረ" አለ ሰውዬው።

"ይረር" አለ ሌላ ድምፅ። "አንቺ ሩጪ።"

ያ ድምፅ እናቴ በቅቤ ዋጋ ስትከራከር የመርካቶን ጫጫታ ሰንጥቆ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሮጥኩ። ሳንባዬ እስኪቃጠል፣ የሰው ፊት ሁሉ እስኪደበዝዝ ሮጥኩ። አንዷን አለፍኩ፣ ሌላዋን አለፍኩ፣ በግራ እግሬ መታሁት። በረኛዋ በጉልበቷ መለሰችው። ጎል አልሆነም፤ ጨዋታውንም አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

እኔ ግን ያን ጊዜ ኳሱ የት እንደሄደ አላየሁም። መቆም አቅቶኝ እስከ ሜዳው ጫፍ ደርሼ ዘወር ስል፣ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በመስመሩ ዳር ከእኔ እኩል እየሮጠች መጣች። የዚያን ዕለት በሰፈራችን የሞተ ሰው አልነበረም።